የሦስተኛው ዙር ነጥብ

ጸሐይነሽ የነጥብ ወረቀቷን አስረክባ ከቦክስ ሪንጉ አጠገብ ስትነሣ ሕዝቡ መንገድ ለቀቀላት። ከአንድ ሰዓት በፊት «እለፊ ቲቸር!» እያለ ትከሻዋን እየመታ ያሳለፋት ያው ሕዝብ ነበር። አሁን ማንም አልነካትም። ግራና ቀኝ ተከፍሎ፣ ቀብር እንደሚያሳልፍ ሰው፣ ዝም ብሎ አሳለፋት። ነጭ ሸሚዟና ደረቷ ላይ የተንጠለጠለው የዳኝነት መታወቂያ ከሩቅ ያስታውቃል። መታወቂያውን አውልቃ ኪሷ ልትከተው አሰበችና ተወችው። ካወለቀችው የፈራች ይመስላል፤ ደግሞም ፈርታ ነበር።

ዕለቱ ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ጦርነቱ ካበቃ ስድስት ወር ሆኖታል። ሰቆጣ ግን ገና ከጦርነቱ አልወጣችም፤ ሪንጉ ከተተከለበት ትምህርት ቤት ክፍሎች ገሚሶቹ ከአበርገሌና ከጻግብጂ ተፈናቅለው የመጡ ቤተሰቦች ይኖሩባቸዋል፤ በየመስኮቱ የታጠበ ልብስ ተሰጥቷል። የአጎራባች ዞኖች የቦክስ ውድድር እዚህ እንዲደረግ የተወሰነውም ሰው ትንሽ ይተንፍስ ተብሎ ነው። አናጢዎች በበርሜል ላይ ሳንቃ ረብርበው ሪንጉን ሠሩት። ጓንቱ ከደሴ በመኪና መጣ። ደወል ግን አልተገኘም፤ የነበረው ከሌላው የስፖርት ዕቃ ጋር በጦርነቱ ጠፍቷል። ስለዚህ በባሕር ዛፍ አጣና ላይ የተንጠለጠለው የትምህርት ቤቱ ደወል፣ ያ አሮጌ የመኪና ቸርኬ፣ በብረት እየተመታ ዙሩን እንዲያስጀምርና እንዲያስጨርስ ተደረገ።

ጸሐይነሽ በዚሁ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ መምህርት ናት፤ ሠላሳ አራት ዓመቷ። ከጦርነቱ በፊት ባሕር ዳር ሄዳ የቦክስ ዳኝነት ትምህርት ወስዳለች። የመሪጌታ ገብረ አማኑኤል ልጅ የድብድብ ዳኛ ሆነች ተብሎ ከተማው ሲስቅ ከርሟል። በከባድ ሚዛን ፍጻሜው ግን የመዳኘት ሐሳብ አልነበራትም። የሰቆጣው ቡድን ስለሚጋጠም የሰቆጣ ሰው አይዳኝም ነበር። ሦስተኛው ዳኛ የተሳፈረበት መኪና መንገድ ላይ ተበላሽቶ ቀረ። የውድድሩ ቴክኒክ ኮሚቴ ሰብሳቢ ጡረተኛው ሻለቃ ዓለምብርሃን ሰዓታቸውን አይተው፣ «እንግዲህ ያለሽው አንቺ ነሽ» አሏት። ሁለቱም አሰልጣኞች ተስማምተናል ብለው ፈረሙ።

የሰቆጣው ቦክሰኛ ምስጋናው ይባላል። የደሃና ልጅ ነው፤ አጎቱ አቶ ይስማው ናቸው ሰቆጣ አምጥተው ያሳደጉት። ጸሐይነሽ እስከ ዘጠነኛ ክፍል አስተምራዋለች። ከዚያ ትምህርቱን ተወና የእርዳታ እህል ከመኪና ማውረድ ጀመረ። ኩንታል በአንድ ትከሻው ተሸክሞ እየሳቀ ይሄዳል። ሚዛን ላይ ሲቆም ዘጠና ሁለት ኪሎ መዘነ። ባለፉት ሦስት ዓመታት ያልከሳ ሰው በሌለበት አገር ይህን የሚያህል ልጅ መገኘቱ ብቻውን ሕዝቡን ያስደስተው ነበር። ተጋጣሚው ትንሣኤ ከቆቦ ነው የመጣው፤ ረዘም ያለ፣ ዝምተኛ፣ ዓይኑን ከሰው ዓይን የማያነሣ።

የመጀመሪያውን ዙር ምስጋናው ወሰደ። በዚህ ማንም አልተከራከረም። ጣጣውን ያመጣው ሁለተኛው ዙር ነው። ምስጋናው እጁን አላሳረፈም፤ ይሰነዝራል፣ ይሰነዝራል፤ ሕዝቡም በየቡጢው ያገሣል። ከሪንጉ ሥር ለተቀመጠ ግን ቡጢው የት እንደሚያርፍ ይታያል። ክንድ ላይ ነው። ጓንት ላይ ነው። ትንሣኤ ጥቂት ነው የሰነዘረው፤ የሰነዘረው ግን ፊት ላይ አርፏል። ዙሩን ላሸነፈ ዐሥር፣ ለተሸነፈ ዘጠኝ ይሰጣልና ጸሐይነሽ ዐሥር ለዘጠኝ ለትንሣኤ ጻፈች። ሦስተኛው ዙር አንገት ለአንገት ሆነ። ምስጋናው የትንሣኤን ጎን እየደበደበ ትንሽ በልጦ ነበር፤ በመጨረሻ ግን የትንሣኤ ቀኝ እጅ ቀጥ ብሎ መጥቶ አገጩ ላይ አረፈ፤ የምስጋናው ጉልበቶች ታጠፉ፤ የመሐል ዳኛውም መሐላቸው ገባ። ጸሐይነሽ ይህንንም ዙር ለትንሣኤ ጻፈች። ከሌሎቹ ሁለት ዳኞች አንዱ ለምስጋናው፣ አንዱ ለትንሣኤ ሰጥተው ኖሮ የእሷ ወረቀት ለየ። ሃያ ዘጠኝ ለሃያ ስምንት፤ ሁለት ዳኛ ለአንድ። የመሐል ዳኛው የትንሣኤን እጅ አነሣ።

ማን ለማን እንደሰጠ ድምፅ ማጉያው አልተናገረም፤ ከሪንጉ ሥር የቆሙት ግን ወረቀቷን አይተው ነበር። ቤቷ እስክትደርስ ከተማው ሁሉ ያውቅ ነበር። ወትሮ ከደጃፏ ሆና «እንዴት ዋልሽ» የምትላት ጎረቤቷ ወለተ ሰንበት ስታያት ጓዳ ገባች።

መሪጌታ ገብረ አማኑኤል መደቡ ላይ ተቀምጠው ነበር። ዓይናቸው ከደከመ አራት ዓመት አልፎታል፤ ብርሃንና ጥላ ይለያሉ እንጂ መልክ አይለዩም። ዜማ ግን አሁንም ያስተምራሉ።

«እርምጃሽ ከበደኝ፤ ምን ሆነሻል?» አሏት።

ነገረቻቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጧት።

«አንቺ ምን አየሽ?»

«ትንሣኤ ሲያሸንፍ አየሁ፣ አባዬ።»

«እንግዲያው እራትሽን ብዪ።»

በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ፊት ፊት የሚሄዱት አቶ ይስማው ናቸው፤ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ በትራቸውን ደጃፍ አስደግፈው ገቡ። የመሪጌታን ትከሻ ስመው ተቀመጡ። ጸሐይነሽ ጠላ ቀዳችላቸው። አቶ ይስማው ከጎናቸው ካሉት ጋር በኽምጥኛ ሁለት ሦስት ቃል ተለዋወጡና ወደ እሷ ዞሩ።

«ልጄ፣ ልንቆጣሽ አልመጣንም። የየኔታ ልጅ ነሽ፤ የእኛም ልጅ ነሽ። ሰው ይሳሳታል። ኮሚቴው ይግባኝ እስከ ዛሬ ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት ይቀበላል። አንቺ በሁለተኛው ዙር ተሳስቻለሁ ብለሽ ብትፈርሚልን ነገሩ ይስተካከላል።»

«በሁለተኛው ዙር አልተሳሳትኩም፣ አባቴ።»

«ይኼ ልጅ ሠላሳ ጊዜ ሰነዘረ። ያኛው ዐሥር ጊዜም አልሰነዘረ። ይህን ለመቁጠር ባሕር ዳር ድረስ መሄድ ያስፈልጋል?»

«የምንቆጥረው የሰነዘረውን አይደለም፤ የመታውን ነው።»

«አልመታም ልትዪ ነው?» አሉ ሁለተኛው ሽማግሌ። «ሰው ሁሉ እያየ! አምስት ሺህ ሰው ሲጮህ አምስት ሺህ ሰው ተሳስቶ ነው?»

ጸሐይነሽ የግጥሚያው ቪዲዮ ያለው ሰው ካለ ጠየቀች። አቶ ይስማው ከጋቢያቸው ሥር ስልክ አወጡ። ልጃቸው ከቸርኬው አጣና ሥር ቆማ ግጥሚያውን በሙሉ ቀርጻው ነበር። ጸሐይነሽ አጠገባቸው ተቀመጠችና ሁለተኛውን ዙር ከፈተች። ቡጢ በመጣ ቁጥር ታቆመዋለች።

«ይኼ የት አረፈ?»

አቶ ይስማው መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አስተካክለው ጎንበስ አሉ። «ክንዱ ላይ።»

«ይኼስ?»

«...ጓንቱ ላይ።»

«ይኼ?»

«ይኼ መትቶታል! አየሽ? ይኼ መትቶታል!»

«አዎ፣ መትቶታል። ይህን ቆጥሬዋለሁ።»

እንዲህ እያሉ እስከ ዙሩ ማብቂያ ሄዱ። አቶ ይስማው በመጨረሻ መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት። ድምፃቸው ተለወጠ፤ የሚከራከር ሰው ድምፅ መሆኑ ቀርቶ የሚለምን ሰው ሆነ።

«ስሚኝ ልጄ። እኔ ቦክስ አላውቅም። አንድ ነገር ግን አውቃለሁ። ይህ ሕዝብ ሦስት ዓመት ሙሉ ምን እንዳየ አንቺም አብረሽ አይተሻል። መብራት ስናጣ፣ ስልክ ሲቋረጥ፣ የሞተብንን ለዘመድ የምናረዳበት ስናጣ እዚህ ነበርሽ። ትናንት ጠዋት ከደሃና ድረስ በእግሩ የመጣ ሰው አለ። አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ደስ ይበለን ብሎ ነው የመጣው። ይህን የምትሰጪን አንቺ ብትሆኚ ምናለ?»

ጸሐይነሽ ስልኩን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። ይህ ነገር ሌሊቱን ሙሉ በራሷ ልብ ሲመላለስ ያደረ ነገር ነው። «ብችል እሰጥዎት ነበር» አለች።

እሷ ስትናገር ስልኩ አልተዘጋም ነበር፤ ሦስተኛው ዙር ራሱን እያሳየ ሄዶ በጩኸት አበቃ። ሽማግሌዎቹ አልተመለከቱትም። አቶ ይስማው ቪዲዮውን በስልኳ ላኩላትና፣ «እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ደግመሽ እዪው» ብለው ተነሡ። መሪጌታን ተሰናብተው ወጡ። ጠላው እንደተቀዳ ነበር።

መሪጌታ እንግዶቹ እንደወጡ ፊታቸውን ወደ ልጃቸው መለሱ።

«ያንን የመጨረሻውን መልሺልኝ።»

«የቱን አባዬ?»

«ሕዝቡ ጮሆ ያበቃበትን።»

ሦስተኛውን ዙር ከፈተችላቸው። ተማሪ ሲያዜም እንደሚያደርጉት ቀኝ ጆሯቸውን አዘንብለው፣ ጣታቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አዳመጡ። ዙሩ ሊያበቃ ሲል ጣታቸው ጉልበታቸውን መታ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ አንድ ጊዜ።

«ደግሚው።»

ደገመችው። ጣታቸው ያንኑ ሠራ።

«ይኼ ቸርኬው ነው» አሉ በመጀመሪያው ምት ላይ። «ሃያ ዓመት ጠዋት ማታ የሰማሁት ነው፤ አልስተውም። ከዚያ በኋላ የመጣው ዱብ ያለ ነገር ምንድን ነው?»

ጸሐይነሽ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አስጠግታ አዳመጠች። ድምፁን አጥፍታ ምስሉን ብቻ አየች። እንደገና ድምፁን ከፍታ አየች። ቸርኬው ይመታል፤ ሕዝቡ እያገሣ ነው፤ ምስጋናው እጁን ዝቅ ያደርጋል፤ ከዚያ የትንሣኤ ቀኝ እጅ ይመጣል። ስድስት ጊዜ አየችው። ስድስቱንም ጊዜ ደወሉ ቀደመ።

እሷ የተቀመጠችው ከቸርኬው ተቃራኒ በሆነው ወገን ነው። ከመሐል አምስት ሺህ ጉሮሮ ነበር። የመሐል ዳኛውም አልሰማም መሰል፤ ወይም ሰምቶ ሲገባ ቡጢው ቀድሞታል። ያም ሆነ ይህ፣ ያቺ አንዲት ቡጢ ባትኖር ሦስተኛው ዙር የምስጋናው ነበር። የእሷ ወረቀት ሃያ ዘጠኝ ለሃያ ስምንት ለምስጋናው ይሆን ነበር። አሸናፊውም እሱ።

«ሽማግሌዎቹ አልሰሙትም» አለች ቀስ ብላ።

«አልሰሙትም። እነሱ ሁለተኛውን ዙር ነበር የሚፈልጉት።»

«አሁን ሄጄ ተሳስቻለሁ ብል... ሽማግሌ ልከው አንበረከኳት ነው የሚባለው። የሰቆጣ ዳኛ ለሰቆጣ ልጅ አዳላች ይባላል። ከእንግዲህ ማንም ወረቀት አይሰጠኝም።»

«ይላሉ።»

«ዝም ብል ደግሞ የሚያውቀው የለም።»

መሪጌታ ወደ ድምፅዋ ዞሩ። «አንድ ጊዜ» አሉ፣ «ዓይኔ ደኅና በነበረበት ጊዜ፣ ሊቃውንቱ ሁሉ በተሰበሰቡበት ማሕሌት ላይ ዜማ ስቻለሁ። ማንም አላወቀብኝም። እኔም ቀና ብዬ ቀጠልኩ። ሠላሳ ዓመት ሆነው። እዚያች ቦታ ስደርስ አሁንም ድምፄ ዝቅ ይላል፤ ተማሪዎቼ ደክሟቸው ነው ይላሉ። የአንቺን አንቺ ታውቂያለሽ፤ እኔ የሰማሁትን ነገርኩሽ እንጂ አላዘዝኩሽም።»

ጸሐይነሽ ተነሥታ ፊቷን ታጠበች፤ ያየችውን በደብዳቤ ጽፋ መታወቂያዋን አንገቷ ላይ አጠለቀች። ወደ ኮሚቴው ለመሄድ ወጥታ መንታ መንገዱ ላይ ስትደርስ ቆመች። ሐሳቧን ለወጠችና የቆቦ ቡድን ወዳረፈበት ፔንሲዮን ወረደች። ከሌላ ሰው አፍ ከሚሰሙት ከእሷ ይስሙት።

አሰልጣኝ መልአኩ ግቢው ውስጥ ሻንጣ እየጫነ ነበር። ትንሣኤ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ እርጥብ ጨርቅ ጉንጩ ላይ ይዟል። ዋንጫው በጋዜጣ ተጠቅልሎ አጠገቡ ቆሟል። አሰልጣኙ ሲያያት ፈገግ ብሎ እጁን ዘረጋ፤ «ጀግናዋ ዳኛ! እኛ እኮ ሰቆጣ ላይ እንዲህ ያለ ፍርድ እናገኛለን ብለን አልጠበቅንም» አላት።

«ስለ እሱ ነው የመጣሁት» አለችና ነገሩን ሳትሸፋፍን ነገረችው።

የመልአኩ ፈገግታ ከፊቱ ሲጠፋ አየችው።

«ሌሊቱን ሲሰብኩሽ አደሩ ማለት ነው።»

«ጠዋት መጥተው ነበር። የመጡት ለሁለተኛው ዙር ነው። ሁለተኛው ዙር የእናንተ ነው፤ አልቀየርኩትም፣ አልቀይረውምም። እኔ የምልህ ሌላ ነው። ስማው።»

ቪዲዮውን ከፈተችለት። መልአኩ አንድ ጊዜ አዳመጠና እጁን አወራጨ። «በዚህ ጩኸት ውስጥ ማን ደወል ይሰማል? አንቺ ራስሽ አልሰማሽም! ልጄ ባልሰማው ደወል ሊቀጣ ነው?»

ትንሣኤ ጨርቁን ከጉንጩ ላይ አነሣ።

«አሰልጣኝ» አለ።

«አንተ ዝም በል!»

«ሰምቼዋለሁ።»

ልጁ ዓይኑን መሬት ላይ እንደተከለ ነው የሚናገረው።

«እጄ ተነሥቶ ነበር። ደወሉን ሰማሁት፤ ልመልሰው እችል ነበር። አልመለስኩትም። ሁለት ዓመት ሜዳ ሳላይ ነው እዚህ የመጣሁት። ቤታችን ተቃጥሎ፣ ዘመድ ቤት ተጠግተን፣ በርበሬ መጋዘን ውስጥ ነው የተለማመድኩት። ያቺን ቡጢ ልተዋት አልቻልኩም።»

ጸሐይነሽ ልትቆጣው የመጣች አልነበረም፤ አሁን ደግሞ ልታጽናናው አትችልም። «ኮሚቴው ይጠይቅህ ይሆናል» አለችው።

«ሄጄ አልናገርም» አለ ትንሣኤ። «ዋንጫ በእጄ ይዤ ውሰዱት አልልም። ከጠየቁኝ ግን አልዋሽም።»

ሻለቃ ዓለምብርሃን በቢሯቸው ውስጥ ብቻቸውን ነበሩ። ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ ቢሆንም አሁንም ወንበር ላይ ሲቀመጡ ጀርባቸው አይጎብጥም። የደብዳቤዋን ረቂቅ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ቪዲዮውንም አዩ። ከዚያ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ገልብጠው አስቀመጡት።

«ይህን ነገር ለስንት ሰው ተናገርሽ?»

«ለቆቦው አሰልጣኝና ለትንሣኤ።»

«ለይስማውስ?»

«አያውቁም።»

ሻለቃው ትንፋሻቸውን ለቀቁ። «መምህርት፣ እውነቱን ልንገርሽ። ይህ ከጦርነቱ በኋላ እዚህ የተደረገ የመጀመሪያ ውድድር ነው። እንግዳ አምነን ጠርተናል፤ አምኖን መጥቷል። ዛሬ ውጤቱ ቢገለበጥ፣ ለዚያውም በሰቆጣ ዳኛ ቃል ቢገለበጥ፣ ሰቆጣ ሄዳችሁ አትጋጠሙ ይባላል። አንቺም ትናንት ልክ ነኝ፣ ዛሬ ተሳስቻለሁ ያልሽ ዳኛ ትሆኛለሽ። ፈቃድሽን አግዳለሁ፤ ደንቡ ያዘኛል።»

«አውቃለሁ፣ ሻለቃ።»

«ወረቀቱን ብቀደውስ?»

«ሌላ እጽፋለሁ።»

ሻለቃው ለመጀመሪያ ጊዜ ትክ ብለው አዩዋት። «እዚህ ላይ ስለ ሁለተኛው ዙር የጻፍሽው ምንድን ነው? ለይግባኙ የሚጠቅም ነገር አይደለም፤ ይጎዳል እንጂ።»

«ሁለተኛው ዙር የትንሣኤ ነው። ካልጻፍኩት ሁሉንም የቀየርኩ ይመስላል። የቀየርኩት አንዲት ቡጢ ነው።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ለትንሣኤ የሰጠው ሌላኛው ዳኛ ቡጢዋ ብትወጣም ነጥቤ አይቀየርም አለ። አሰልጣኝ መልአኩ ከጠረጴዛው ፊት ቆሞ ብዙ ተናገረ፤ ስለ አገር ዳኛ፣ ስለ ሽማግሌ፣ ስለ ጫና። ከተናገረው ውስጥ ሐሰት የሆነ ብዙ አልነበረም፤ ጸሐይነሽን ያቃጠላትም ይኸው ነው። ሲጨርስ ሻለቃው ወደ ትንሣኤ ዞሩ።

«አንተ ልጅ፣ ቡጢውን ስትሰነዝር ደወሉ ተመትቶ ነበር?»

«ተመትቶ ነበር።»

«ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ፣ ጌታዬ።»

ከዚህ በኋላ የቀረው ጽሕፈት ብቻ ነው። ከደወሉ በኋላ ያረፈው ቡጢ እንደማይቆጠር ተወሰነ፤ ምስጋናው አሸናፊ ሆኖ አዲስ አበባ ለሚደረገው አገር አቀፍ ውድድር እንዲያልፍ ተጻፈ። በዚያው ቃለ ጉባዔ የመምህርት ጸሐይነሽ የዳኝነት ፈቃድ ለአንድ ዓመት ታገደ። እሷም አንብባ ፈረመች። መታወቂያዋን ከአንገቷ አውልቃ በወረቀቱ ላይ አስቀመጠችው።

ስትወጣ ትንሣኤ ደጃፍ ላይ ቆሞ ነበር። ዋንጫውን አስረክቦ ባዶ እጁን ነው። ትንሽ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣት፤ እሷም ነሣችው። መኪናቸው ተነሥቶ ሲሄድ በመስኮቱ በኩል እንደገና አላያትም።

ወሬው ከእሷ ቀድሞ ሰፈር ገብቶ ነበር። ከመንገዱ መታጠፊያ ላይ እልልታው ተቀበላት። ወለተ ሰንበት ሮጣ መጥታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመችና፣ «አውቄ ነበር! የወገን ልጅ እኮ ነሽ!» አለቻት። አቶ ይስማው ሙክት አስይዘው ደጃፏ ላይ ቆመዋል፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ልጄ፣ ቃላችንን አልጣልሽውም። ሽማግሌ አከበርሽ። እግዜር ያክብርሽ!»

«አባቴ፣ ለእናንተ ብዬ አይደለም። ሁለተኛውን ዙር ምስጋናው ተሸንፏል። እኔ ያልኩት...»

«ይሁን፣ ይሁን!» እያሉ ሳቁ። «አንቺ መቼም አትረቺም! ዋናው ማለፉ ነው።»

ሙክቱን አልቀበልም ስትላቸው ትሕትና መሰላቸው፤ ይበልጥ አመሰገኗት። ትናንት ሲሸሿት ያልተሰማት ብቸኝነት በዚህ ሁሉ እልልታ መሐል መጣባት። ከዚህ ሁሉ ሕዝብ አንድም ሰው ምን እንዳደረገች አልገባውም። ቤት ገብታ በሩን ስትዘጋ አባቷ ከመደቡ ላይ ሆነው፣ «ደስ ብሏቸዋል» አሏት።

«ደስ ብሏቸዋል፣ አባዬ።»

«አንቺስ?»

«እንጃ። ቀሎኛል።»

መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ተማሪዎቹ ከሜዳው ሲወጡ ምስጋናው መጣ። ከኋላው አጃቢ ያልነበረው በሁለት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም። ግራ ቅንድቡ አብጧል። አናጢዎቹ ሪንጉን አፍርሰው ሳንቃውን እየከመሩ ነበር። ጸሐይነሽ ኳሶቹን በከረጢት እየሰበሰበች ሳለ እፊቷ መጥቶ ቆመ። አላመሰገናትም። ደስ አላት።

«ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት መጥቼ ነበር።»

«ጠይቅ።»

«ሰው ሁሉ ሦስቱንም ዙር አሸንፈሃል ይለኛል። አጎቴም እንደዚያ ነው የሚሉት። ያቺ የመጨረሻዋ ቡጢ ስታገኘኝ ግን ሰማዩን ነው ያየሁት። ዳኛው መሐላችን ባይገባ ወድቄ ነበር።»

«ደወሉ ቀድሟታል። እሱን ተወው።»

«እሺ። ሁለተኛው ዙርስ?»

ጸሐይነሽ ከረጢቱን መሬት ላይ አስቀመጠች። «ሁለተኛውን ተሸንፈሃል።»

ግዙፉ ልጅ ትከሻው ወረደ። ቅር ያለው መስሏት ነበር፤ ፊቱን ስታይ ግን ሸክም ያወረደ ሰው ፊት ነው።

«እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር» አለ። «ፊቴን ሲያመኝ ያደረው በዚያ ዙር ነው። ማንም ግን አዎ የሚለኝ አጣሁ። አዲስ አበባ ስሄድ እንደ ትንሣኤ ያለ ሰው ይገጥመኛል። ከእሱ የባሰ ይገጥመኛል። ምን አድርጌ ነው የተሸነፍኩት?»

ጸሐይነሽ ዙሪያዋን አየች። ሜዳው ባዶ ነበር።

«ቁም» አለችው። «እንደ ቅዳሜው ሆነህ ቁም። ቀኝህን ላክ።»

ላከ። ግራ እጁ አብሮ ወደ ወገቡ ወረደ። ጸሐይነሽ አንድ እርምጃ ገብታ በሁለት ጣቷ ያበጠውን ቅንድብ ትታ ግራ ጉንጩን ነካችው።

«እዚህ ጋ። ሰባት ጊዜ።»

ምስጋናው ግራ እጁን አንሥቶ አየው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳየው ሁሉ። ወደ አገጩ አምጥቶ አጠበቀው።

«እንደገና» አለ።